በአንተ ክንድ ልክ

ውድ አባዬ፣

...እና ያኔ ልጅ ሳለሁ እንግድነት ሄደን፣ የሰው ቤት መሆኑን ረስተህ ድስቱን አንስተህ ገለበጥከው። ባዶ መሆኑ በጀ። እጀታውን በጥፍርህ ቆረቆርክ፣ አሸተትክ፣ ከዚያ ወደ ቤቱ እመቤት ዞረህ፣ «ይሄ የእኛ ነው» አልካት። ሴትየዋ ደነገጠች፤ የሰረቀች መሰላት። እማዬ ከጠረጴዛው ሥር እግርህን ስትረግጥህ አይቻለሁ። አንተ ግን ማን ያስቁምህ።

«ድስቱን አይደለም የምልሽ፣ እጀታውን። ይሄን ጥቁሩን። እሳት ላይ ብትረሺው ይከስላል እንጂ አይቀልጥም። እኔ ነኝ ያበሰልኩት።»

«እጀታ ይበሰላል እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

እጀታው የደረቀ ሙጫ መሆኑን ካስረዳሃት በኋላ ያለው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። ሳቅ ነበር፣ እሱን አስታውሳለሁ። ስንመለስ አውቶቡሱ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሹፌሩ ፍሬን ያዘ፤ አንተ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለህ፣ «አሁን የያዘን ማን ነው? እኛ ነን። የፍሬን ሸራውን የሚያጣብቀው የእኛ ሙጫ ነው» አልከኝ። ሰባት ዓመቴ ነበር። ለረጅም ጊዜ ዓለም ሁሉ በአባቴ ሙጫ የተያዘ ይመስለኝ ነበር። የመብራት ማብሪያው፣ የካውያው እጀታ፣ የቁም ሣጥኑ ጀርባ። አንተ ሥራ ከቀረህ ሁሉም ነገር ቀስ ብሎ የሚላቀቅ።

በዚህ የጀመርኩት ሌላውን ለመጀመር ስለፈራሁ ነው።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል። የምጽፍልህ ከእሜቴ ፊት ለፊት፣ መሰላሉ ሥር ያለችው በርጩማ ላይ ተቀምጬ፣ በሙቀት መመዝገቢያው ወረቀት ጀርባ ነው። እሜቴ ያው እሜቴ ናት። ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይከባት የሙጫ ማብሰያ ጋን፣ ሆዷ ውስጥ የምታጉረመርም፣ ደስ ሲላት የምታፏጭ። ሆዷን አዲስ ቀለም ቀብተናታል፣ ትንሽ ወጣት መስላለች። «እጅሽን ሥራ አስይዢው፣ አለዚያ ቫልቭ ይነካካል» ትለኝ የለ? እጄን ሥራ አስይዤዋለሁ። ይኸው ይጽፋል።

በስልክ እንዳልነግርህ ጆሮህ እንቢ ብሏል። እኔ ለእማዬ እነግራታለሁ፣ እማዬ ለአንተ ትጮኻለች፣ ነገሩ መሃል ላይ ሌላ ነገር ሆኖ ይደርሳል። ባለፈው «ሙቀቷ ዘጠና ደረሰ» ያልኩትን ምን ብላ እንደነገረችህ እንጃ፤ በሦስተኛው ቀን ታናሽ ወንድሜ በሰው እጅ አንድ ኪሎ ሎሚና የትኩሳት ክኒን ላከልኝ።

አርባ ዲግሪ። ገና ናት።

አባዬ፣ ዋሽቼሃለሁ።

ሦስት ወር ሙሉ፣ በየእሑዱ፣ በእማዬ በኩል «ሥራ እንዴት ነው?» ስታስጠይቀኝ «እንደ ማር» እያልኩህ። እንደ ማር አልነበረም። እንደ ውሃ ነበር። ጣጣውም እሱ ነው።

አንተ ጡረታ ከወጣህ ወዲህ ሦስት ጊዜ አብስያለሁ፣ ሦስቱም ተመልሷል። ኮምፐርሳቶ ፋብሪካው ሙጫችንን ስስ ስሱ እንጨት መሃል ይቀባል፣ ይደራርባል፣ በጋለ ብረት ይጫነዋል። መጀመሪያ ይይዛል። ከዚያ ለፈተና ውሃ ውስጥ ሲቀቅሉት እንደ አሮጌ መጽሐፍ ቅጠል ቅጠሉ ይለያያል። የኮምፐርሳቶው ፎርማን፣ ያ ሲያወራ አንገቱን ሰበር የሚያደርገው፣ አንዱን ቁራጭ ይዞ መጣና በሠራተኛው ሁሉ ፊት በሁለት ጣቱ ገለጠልኝ።

«እንኪ፣ አንብቢው» አለኝ።

ሰው ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

በሦስተኛው ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አስጠራኝ። መቀመጫ እንኳ አላሳየኝም። «አንድ ጊዜ ልታገስሽ» አለኝ፣ «አንድ። ይሄም ከተላቀቀ ተዘጋጅቶ የመጣ ሙጫ እንገዛለን። አንቺ ማሸጊያ ክፍል ትገቢያለሽ፣ ጋኗን ለቁራሌው።»

ለቁራሌው! እሜቴን! በመዶሻ ቆራርጠው፣ ጋሪ ላይ ጭነው። ለራሴ ልደነግጥ ሲገባኝ ለእሷ ደነገጥኩ። ይህን ስታነብ ይህቺ ልጅ ለየላት ትላለህ። ቢለይልኝም ከማን እንደወሰድኩት ታውቃለህ።

የዛሬው ያ አንዱ ጊዜ ነው። የመጨረሻው።

ሃምሳ ሁለት።

አላጠፋሁም ነበር እኮ። እሱ ነው ያሳበደኝ። የአበሳሰል መዝገብህን ፊደል በፊደል ነው የተከተልኩት። የፌኖሉን በርሜል ከዋዜማው ሙቅ ውሃ ውስጥ አስቀምጫለሁ፣ ነጩ ጠጠር ቀልጦ ሮዝ እስኪል። ጓንት፣ መነጽር፣ የጎማ ሽርጥ፤ አንድ ጠብታ ቆዳ ላይ ምን እንደምታደርግ ከእጅህ ጠባሳ ተምሬያለሁ። ከዚያ ፎርማሊኑ፤ ሁላችን በአንድነት የምናለቅስበት ሰዓት፣ ለቅሶ ቤት የገባን እስኪመስል። ከዚያ ኮስቲክ ሶዳው፣ በትንሽ በትንሹ፣ ምክንያቱም እሱ ሲገባ እሜቴ ማንም ሳያሞቃት በራሷ ትሞቃለች፣ የሚይዛትም ማቀዝቀዣው ውሃ ብቻ ነው። ሁሉን አንተ እንዳልከው። ገጹ መጨረሻ ላይ በእጅህ ጽሕፈት አንድ መስመር አለች፦ «ክሩ አንድ ክንድ ሲሆን ቁም።»

እሱንም አድርጌያለሁ። ናሙናውን በጣሳ መቅዳት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ላይ ማብረድ፣ ክርንን ጣሳው አፍ ላይ አሳርፎ እንጨቷን መንከር፣ እጅን ቀጥ አድርጎ ማንሳት። ከእንጨቷ ጫፍ የሚወርደው ከተንጠባጠበ ገና ነው። ክር ሆኖ፣ ሳይበጠስ፣ ጣሳው ከገባ በስሏል። አንተ ስታደርገው ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ክርንህ እዚያ፣ ጣቶችህ እዚህ፣ አንድ ዓይንህ ጨፈን። እኔም እንዲሁ። ዓይኔን ሳይቀር ጨፈን አድርጌያለሁ።

ታዲያ ለምን አልጠየቅኩህም?

የጡረታህ ቀን ምን እንዳደረግህ ትዝ ይልሃል? ሥራ አስኪያጁ ንግግሩን ጨርሶ፣ «እሜቴን እንግዲህ ለማን እንስጣት?» ሲል አንተ መሬት መሬት አየህ። አሥራ አንድ ዓመት ከጎንህ ቆሜ ናሙና ቀድቻለሁ፣ በርሜል አንከባልያለሁ፣ አልቅሻለሁ፣ በፎርማሊኑም ያለ ፎርማሊኑም። መሬት አየህ። «ለእኔ» ያልኩት እኔው ነኝ። ድምፄ በሰው ፊት ያን ያህል እንደሚወጣ አላውቅም ነበር። ቀና ብለህ አየኸኝ፣ ምንም አላልክም። ጓንትህን ሚስማሩ ላይ ሰቅለህ ወጣህ።

ያን ዝምታ ሦስት ወር አገላብጬዋለሁ። «አትችልም» ነው? «ልጄ በዚህ ሽታ ውስጥ አትሙት» ነው? ወይስ ዝም ብሎ ዝምታ ነው፣ እንደ ሌሎቹ ዝምታዎችህ? አንዳንድ ቀን አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ አገኘሁት እላለሁ፤ ከአውቶቡሱ ስወርድ ይጠፋብኛል። ሙጫው ተበላሸብኝ ብዬ ብጽፍልህ ያ ዝምታ ትርጉም የሚያገኝ መሰለኝ። «አላልኩም?» የምትለኝ መሰለኝ፤ ምንም ባትልም። ፈራሁ። ተናደድኩም፤ ከፍርሃቴ ይልቅ ንዴቴን እወደው ነበር፣ ቢያንስ ጠዋት ከአልጋ ያነሳኛል።

ስልሳ። እንፋሎቱን ልዘጋ ነው። ከዚህ በኋላ የምትወጣው በራሷ ነው። ጋሽ ማንኪያ ከላይ እያየኝ ነው። ያቺ ረጅም ማማሰያ እስካሁን ከእጁ አልተለየችም፣ የስሙን ክብር አላስነካም። «ፍቅረኛሽ ነው የምትጽፊለት?» ይለኛል። «አዎ» አልኩት። «ምስኪን» አለ። ለእኔ ይሁን ለአንተ አላወቅኩም።

ትናንት ምን እንደሆነ ግን ስማ።

የሥራ ልብሴ ታጥቦ አልደረቀም ነበር። ከበሩ ጀርባ ያንተ አሮጌ ጋዋን ተሰቅሏል፤ ማንም አልነካውም። ለበስኩት። እጅጌው ጣቶቼን ዋጣቸው። ልጠቀልለው ስል ቀኝ ክንዴ ላይ ጠንካራ ነገር ነካሁ። ሙጫ ነው። ጥቁር ቀይ፣ የኮት ቁልፍ የሚያህል፣ ድርቅ ያለ። ክርንህን ጣሳው አፍ ላይ ስታሳርፍ፣ ስታሳርፍ፣ ስታሳርፍ፣ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተለጠፈ ያደገ። እማዬ ስንቴ አጥባዋለች። ስንቴ ተኩሳዋለች፤ በተተኮሰ ቁጥር የባሰ ጠንክሯል።

ዳሰስኩት። እንደ ሞኝ ደስ አለኝ። ከዚያ ክንዴን አጠፍኩ።

ክርኔ ላይ አልነበረም። ወደ ታች ወርዶ ክንዴ መሃል ተቀምጧል።

ስንት ደቂቃ እንደቆምኩ አላውቅም። ሰው ቤቱ ገብቶ ደረጃው አንድ ደረጃ ጎድሎ ሲያገኘው እንደሚቆመው። ጋዋኑን አውልቄ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ጓንትህን ከሚስማሩ አውርጄ እጅጌው ጫፍ ላይ አስቀመጥኩት፣ ጣቶቹን እንጨት እንደምትይዝ አድርጌ አጠፍኳቸው። ሜትር ስፈልግ ጋሽ ማንኪያ ገባ። በሩ ላይ ቀረ።

«አንቺ ልጅ፣ ጋሼን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ምን እያደረግሻቸው ነው?»

«እየለካኋቸው ነው።»

«ለምን? ልብስ ልታሰፊላቸው ነው ወይስ...»

«ወይስ ምን?»

«ምንም። ደህና ናቸው አይደል? አሉ?»

«አሉ።»

«ይኑሩ። ዕድሜ ይስጣቸው። እኔማ የዘረጋሻቸው አዘረጋግ ደስ አላለኝም።»

«ይልቅ የሜትሩን ጫፍ ያዝልኝ።»

ከደረቀው ሙጫ እስከ ጓንትህ ጣት ጫፍ አርባ አራት ሳንቲሜትር። ከዚያ የእኔን፣ ከክርኔ እስከ ጣቴ። ሠላሳ ሰባት። እንደገና ለካን፣ ያው። ጋሽ ማንኪያ «አምጪ፣ አንቺ ሜትር አያያዝ አታውቂም» ብሎ ራሱ ለካ። ያው ነው።

ሰባት ሳንቲሜትር፣ አባዬ። ሦስት ጋን ሙሉ ሙጫ እዚህች መሃል ነው የወደቀው። ክንዴ ስላጠረ ክሩ ቶሎ ደረሰልኝ፤ ቶሎ ቆምኩ፤ ሙጫው ቀጥኖ ቀረ፤ እንጨቱ ጠጣው፤ መሃል ላይ የሚይዝ ነገር ጠፋ። ይኸው ነው። እርግማንም አይደለም፣ ሴትነትም አይደለም፣ የአንተ ዝምታም አይደለም። በሠላሳ አንድ ዓመት «የማን ክንድ?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም፣ ምክንያቱም እዚህ ቤት ክንድ አንድ ብቻ ነበር። አንተም አታውቅም ነበር። አንድ ክንድ ስትል የሰው ሁሉ ክንድ አንድ መስሎህ ነው። ይህን ሳስብ ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ጋዋንህ ላይ ግንባሬን ደፍቼ ሳቅ አፈነኝ። ጋሽ ማንኪያ የማለቅስ መስሎት ትከሻዬን መታ መታ ያደርጋል፣ «አይዞሽ፣ ሰው አጭር ሆኖም ይኖራል» እያለ። የባሰ ሳቅኩ።

ሰባ አምስት። የመጨረሻውን ኮስቲክ ልንጨምር ነው። መጣሁ።

...

ተመለስኩ። ሰባት ሰዓት ከሩብ።

አርባ አራት ሳንቲሜትር ልክ አንዲት ዘንግ ቆርጬ ነበር። ጣሳው አጠገብ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። እሜቴ ሰማንያ ስድስት ላይ ገብታ ጸጥ አለች፤ ያ የምትወደው ጸጥታዋ። በየአሥር ደቂቃው ናሙና ቀዳሁ። የመጀመሪያው እንደ ዝናብ ተንጠባጠበ። ሁለተኛውም። ሦስተኛው ጣት ከሚያህል ክር በኋላ ተበጠሰ። ከዚያ እያደገ ሄደ፣ እያደገ፣ ሠላሳ ሰባት ደረሰ።

የእኔ ክንድ። ሦስቴ የቆምኩበት ቦታ። እጄ ማንም ሳያዘው ወደ ማቀዝቀዣው ቫልቭ ሄደ።

«በቃ፣ አብርጃት!» አለ ጋሽ ማንኪያ ከላይ።

«ገና።»

«ልጄ፣ ያን ጊዜ አንቺ አልነበርሽም...»

ያን ጊዜ የሚለው ጋኗ ውስጥ የደረቀችበትን ነው። ዘጠኝ ቀን በመሮ ስትፈልጧት ሰነበታችሁ፤ ማታ ጸጉርህ ውስጥ ቀይ ፍንጣሪ ይዘህ ትመጣ ነበር። አንዴ ከደረቀች ብትለምናት፣ ብታነድባት፣ ወደ ኋላ አትመለስም። እሱን አውቃለሁ።

«ብትደርቅብን መሮውን የምይዘው እኔ ነኝ! ወገቤን አስቢልኝ!»

«ገና ነው አልኩህ፣ ጋሽ ማንኪያ።»

በሠላሳ ሰባትና በአርባ አራት መሃል ስላለው ጊዜ ልንገርህ። አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በየሦስት ደቂቃው እቀዳለሁ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ ተኩል። በሕይወቴ እንደዚህ ጠባብ ቦታ ላይ ቆሜ አላውቅም። እኔ የማውቀው አልቋል፣ አንተ የምታውቀው ገና አልደረሰም። መሃሉ የማንም አይደለም። ጭንቅላቴ ጥርት ብሏል፤ መስኮቱ ላይ የተቀመጠች ዝንብ አየሁ፣ የጋሽ ማንኪያን የተፈታ የጫማ ማሰሪያ አየሁ፣ ከጎኔ ሰው የቆመ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ዞርኩ። አርባ አንድ። አርባ ሁለት ተኩል። ልጩህ አልኩ። ደስታ ይሁን ፍርሃት እሱን አልለየሁትም፤ ምናልባት ሲበስሉ አንድ ይሆናሉ።

ከዚያ አነሳሁት። ክሩ ወረደ፤ ቀይ፣ ቀጭን፣ በመስኮቱ ብርሃን የሚያበራ፣ ከዘንጓ አናት እስከ ታች። አልተበጠሰም። ጣሳው ውስጥ ገብቶ ተጠመጠመ።

«አሁን!» አልኩ። ድምፄን ከውጭ ሰማሁት። ልክ እንደ አንተ ነው።

ጋሽ ማንኪያ ቫልቩን ከፈተ፣ ውሃው በጎኗ ተንደረደረ፣ ሰማንያ፣ ሰባ፣ ሃምሳ። ሠላሳ ላይ ስትገባ ማማሰያውን እንደ ሰው ወገብ ይዞ ክፍሉን ሁለቴ ዞረ። «ወገቤ ተረፈ!» እያለ።

እንዲህ በስላለች። ይያዝ አይያዝ ግን ገና አላውቅም። ከሰዓት በኋላ የኮምፐርሳቶ ፋብሪካው ሰዎች በበርሜል ይወስዱታል፣ ነገ ይጫኑታል። ቅዳሜ እቀጥልልሃለሁ።

ቅዳሜ፣ ስምንት ሰዓት። ጋዋንህ የተሰቀለበት ክፍል ውስጥ ነኝ።

የኮምፐርሳቶው ፎርማን ዛሬ ጠዋት ስምንት ቁራጭ በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። እዚያው ፋብሪካቸው መቀቀል ይችል ነበር። «እዚህ ነው የማደርገው፣ ሥራ አስኪያጅሽ በዓይኑ ይይ» አለ። ሻይ ቤታችን ውስጥ ትልቁን ድስት ውሃ ሞልተን ጣድን፤ ቁራጮቹን ጨመረና ሰዓቱን አይቶ እጁን አጣጠፈ። አራት ሰዓት መፍላት አለባቸው። አራት ሰዓት ማለት ምን እንደሆነ ልንገርህ? ሥራ አስኪያጁ አምስት ጊዜ ሻይ ጠጣ። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች በተራ በተራ ክዳኑን እየከፈቱ፣ «ጨው ገብቷል?» «ዛሬ ምሳችን እንጨት ነው?» «አጥንቱን ለእኔ አስቀሩልኝ» ይላሉ። ጋሽ ማንኪያ ልማድ ሆኖበት ማማሰል ጀመረ፤ ፎርማኑ ተቆጣው። እኔ መስኮቱ ጋ ቆሜ መስኮቱን ስጠርግ ነበር። አንዱን መስታወት ብቻ። አራት ሰዓት ሙሉ።

ስድስት ሰዓት ላይ አወጣ። እንፋሎት የሚተፋውን ቁራጭ ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቢላ አወጣና ጫፉን በሁለቱ ስስ እንጨቶች መሃል፣ ሙጫው ላይ ገፋ። አልገባም። ገፋ። ጥርሱን ነክሶ ሲጫነው ክፍሉ ውስጥ «ቀጭ» አለ፣ ልቤም አብሮ።

አንስቶ በብርሃን አየው። የተሰነጠቀው እንጨቱ ነው። እንጨቱ ተቀደደ፣ ሙጫው ግን ከሁለቱም በኩል እንጨት እንደያዘ ቀረ። ሁለተኛውን ሞከረ። አራተኛውን። ቢላው ተጣመመ። ስምንተኛውን በጥርሱ ሊሞክር ምንም አልቀረው።

ዝም ብዬ ላልፍ ነበር። እውነት ነው የምልህ። ግን አፌ አመለጠኝ፦

«ምነው፣ አታነብልንም?»

አንገቱን ሰበር አድርጎ አየኝ። ከዚያ ያ ሰው ሳቀ። «ገጹ አልገለጥ አለኝ» አለ፣ «ምን ላድርግ።» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፣ ጋሽ ማንኪያ እየዘለለ ጣራውን በማማሰያው መታ፣ የማሸጊያ ሴቶች አቅፈው ከመሬት አነሱኝ። ሥራ አስኪያጁ ጉሮሮውን ጠራረገ። አንተ ታውቀዋለህ፣ ምስጋና ከአፉ ሲወጣ እንደ ጥርስ ነው የሚነቀለው። «እንግዲህ... ሰኞም አብስይ» አለኝ። ከበሩ ዞሮ ደግሞ፣ «ማክሰኞም።»

እሜቴ ተረፈች። እኔም።

ደስ ብሎኛል፣ አባዬ። ደስታዬ ግን ለብቻው አልተቀመጠም፤ ሁልጊዜ እንደምታውቀኝ ከጎኑ አንድ ትንሽ ነገር ይዞ መጣ። እሱን ልንገርህና ልጨርስ።

ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አስመጥቶ ያቺን መስመርህን እንድለውጣት ነገረኝ። ልክ ነው። ነገ ከእኔ የሚያጥር፣ ከአንተ የሚረዝም ሰው ይመጣል። እርሳስ ይዤ ከጎኗ «44 ሳንቲሜትር» ብዬ ጻፍኩ። ያንተን አልሰረዝኩም። በእስክሪብቶም አላደረግኩትም። ቁጥሩ እውነት ነው፣ ለማንም ይሠራል፤ ግን ጽፌ ስጨርስ ክንድህን ወስጄ ባለቤት የሌለው ነገር ያደረግኩት መሰለኝ። መዝገቡ ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት ቆመህ ኖረሃል፣ እኔ በአንድ እርሳስ አስወጣሁህ። ወይም ደግሞ ለዘላለም አስገባሁህ። እያየሁት ሁለቱም ይመስለኛል።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምንሃለሁ። ሰርዢው በለኝ። ወይም አትንኪው በለኝ። እሜቴን ለአንቺ መስጠት አልፈለግኩም ነበር በለኝ፣ ከፈለግህ። ቁጣም ይሁን፣ ቀልድም ይሁን፣ ለእማዬ ንገርና እማዬ አሳስታ ትጻፍልኝ። ብቻ ቃል አውጣ። የያዝኩት ዝምታ በቅቶኛል፤ ሦስት ወር ሙሉ ቀቅዬዋለሁ፣ አልላቀቅ ብሏል።

እኔም በበኩሌ ቃል እገባልሃለሁ፦ ከእንግዲህ እሑድ እሑድ እውነቱን ነው የምነግርህ። ውሃ ከሆነ ውሃ እልሃለሁ።

እማዬን ሳምልኝ። ሎሚውን ጨርሼዋለሁ በላት።

ሠላሳ ሰባት ሳንቲሜትሯ ልጅህ

አጥፌው ነበር፣ ልዘረጋው ግድ ሆነ። ከውጭ፣ ከትልቁ በር ጋ፣ ጩኸት አለ። አዲሱ ዘበኛ የሚለው አይሰማኝም፣ ሰውየው በትሕትና ነው የሚናገረው። የሌላኛው ድምፅ ግን ግቢውን ሞልቶታል፦

«ምን? ... ኧ? ... ጮክ በል! ... ከዚህ የወጣ ሰው አይገባም? ታዲያ የወጣ ካልገባ ማን ሊገባ ነው?»

ስለ ሙጫው ማን እንደነገረህ አላውቅም። ጋሽ ማንኪያ መሰላሉን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ሲወርድ ሰማሁ፣ ከዚያ ሳቅ፣ ከዚያ ጀርባ ሲመታ።

ኮሪደሩ ላይ ነህ። እግርህን አውቀዋለሁ። ማሸጊያ ክፍሉን አለፍክ። ቆምክ፤ ምን አየህ? እንደገና መጣህ። ደብዳቤውን የት ላድርገው፣ ኪሴ ውስጥ፣ እጄ ላይ፣ አላውቅም፣ እየጻፍኩ ነው።

አላንኳኳህም። ገባህ። ዞረህ በሩን ዘጋኸው፤ ልትናገር ነው።